የእጣቢ ውሃ ሁለተኛ ሥራ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)



ሐረር ከተማ ለረጅም ዓመታት ስትጠጣ የኖረችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስብ ነበር፤ ከተማው በቧንቧ ይወስዳል፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደው ደለል ከሥር ይሞላዋል፤ ከላይ ደግሞ ፀሐይዋ አለች። ይህ ሁሉ ተደማምሮ በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ውሃ የተኛበት ቦታ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሐረር በአብዛኛው የምትጠጣው ድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። መንገዱን የሄደበት ሰው ያውቀዋል፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ጉዞው ሽቅብ ነው። ውሃውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ከፍታ የሚያወጣው ፓምፕ ነው፣ ፓምፑን የሚያዞረው መብራት ነው፤ መብራቱ ሲሄድ ውሃውም ይሄዳል። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶ ታይቶበታል፤ እሰየው ነው። ከተማዋ ግን ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣ ውሃ መጠበቋን አልተወችም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም የተደከመበት ውሃ ቤት ከገባ በኋላ ዕድሜው ስንት እንደሆነ አስቡት። ከጀሪካን ወደ ሳፋ ይገለበጣል፣ ሁለት ሸሚዝና አንድ የልጅ ሱሪ ይለቀለቅበታል፣ ከዚያ በራፍ ላይ ይደፋል። ሩብ ሰዓት አይሞላም። አዲስ አበባም ብንሄድ ያው ነው። ፈረቃው ደርሶ ሌሊት የተነሳ፣ ሮቶውን የሞላ፣ በርሜልና ባልዲ የደረደረ ሰው፣ ጠዋት የታጠበበትን ውሃ ምንም ሳይመስለው ይለቀዋል።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚሁ ስለሚደፋው ውሃ፣ ስለ እጣቢ ነው። የምናነጋግረው በተለይ ወጣቶችን ነው፤ በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ውስጥ ያላችሁትን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉትን፣ ሥራ ፈጥረን ለሰፈራችን እንጥቀም ብላችሁ የተሰባሰባችሁትን። ወላጆችም አብራችሁ ብትሰሙ አይከፋም፤ ሳፋው ያለው በእናንተ እጅ ነውና።

ደግሞ ሳንጀምር አንድ ነገር ልበል። እጣቢን መልሶ መጠቀም አዲስ ግኝት አይደለም። ነጩ ልብስ በታጠበበት አረፋ ባለቀለሙ ይታጠባል፤ በዚያው አረፋ በረንዳውና ሽንት ቤቱ ይፈገፈጋል። ይህ በብዙ ቤት የኖረ ልማድ ነው፣ ማንም ሽልማት አልተቀበለበትም። ወጣቱ የሚጨምረው ነገር ካለ፣ ይህን ልማድ መለካት፣ የሚጎዳውን ከማይጎዳው መለየት፣ ጉልበትም እንዳይጨርስ ማድረግ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የሳይንስ ክበብ ዐውደ ርዕይ የገባ ሰው ይህን ትዕይንት አያጣውም። ግርጌው የተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ በአፉ ተደፍቷል። ከታች ጥጥ፣ ከጥጡ በላይ ከሰል፣ ከከሰሉ በላይ አሸዋ፣ ከሁሉም በላይ ጠጠር። ድፍርስ ውሃ ከላይ ይገባል፤ ከታች ጠርቶ ይንጠባጠባል። ይጨበጨባል። ከዚያ አንዱ ደፋር ተማሪ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ “ይህ ውሃ ሊጠጣ ይችላል” ይላል።

አይችልም። ልጆቹን ለማሳዘን አይደለም፤ ጉዳዩ የጤና ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። አሸዋው የሚይዘው ጭቃውንና ግርዱን ነው። ከሰሉ፣ ያውም ለማንደጃ የገዛነው ከሰል፣ ጥቂት ሽታና ቀለም ይቀንስ ይሆናል። ተቅማጥ የሚያመጡት ተሕዋስያን ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ አልፈው የሚሄዱ ትንንሾች ናቸው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨውና ሳሙናም እንዲሁ ያልፋል። እውነተኛው የአሸዋ ማጣሪያ የሚሠራው ከአሸዋው አናት ላይ ቀስ በቀስ በሚበቅል ሕይወት ባለው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ እስኪበቅል ሳምንታት ይፈጃል፤ አሸዋው ከደረቀ ይሞታል። ለአንድ ቀን ዐውደ ርዕይ የተሠራ ላስቲክ ይህ የለውም።

ፍሳሽን አጣርቶ መጠጣት አይቻልም ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከተማው ፍሳሽ የመጠጥ ውሃ ታመርታለች። ሀገሩ በረሃ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአቅራቢያዋ የላትም፤ ያላት ምርጫ ያ ነበር። ግን የሚሠራው እንዴት ነው? ኦዞን አለ፣ ለዚሁ ሥራ በልዩ ዘዴ የተሰናዳ ከሰል አለ፣ እጅግ ስስ በሆነ ማጣሪያ ይገፋል፣ በክሎሪን ይታከማል፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ባለሙያ ናሙና እየወሰደ ይመረምራል። የአንድ ከተማ በጀት ነው። በጓሮ በርሜል አይተካም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንገልብጠው። “ይህን ቆሻሻ ውሃ እንዴት ንጹሕ ላድርገው?” ከማለት “ይህ ውሃ እንዳለ ሆኖ ለየትኛው ሥራ ይበቃል?” እንበል። እኔ በበኩሌ ከማጣሪያ በፊት የሚመጣው መለየት ነው ባይ ነኝ። ውሃ አንዴ ከተደባለቀ በኋላ መለየት ገንዘብ ይጠይቃል። ሳይደባለቅ መለየት የሚጠይቀው አንድ ትርፍ ሳፋ ነው። ሙሉ በርሜል ለስላሳ የማለቅለቂያ ውሃ ላይ አንድ ጆግ ዘይታም የሰሃን እጣቢ ቢጨመርበት በርሜሉ በሙሉ የሰሃን እጣቢ ይሆናል።

እስቲ ቤት ውስጥ እንዙር። ጎመን፣ ምስር ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ አለ፤ በዚህ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥታ ወደ ተክል መሄድ ይችላል። የልብስ የመጨረሻው ማለቅለቂያ አለ፤ ሳሙናው ስስ ነው፣ ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል፣ ወለል ይወለወልበታል፣ ዛፍ ሥር ይፈሳል። የገላ መታጠቢያና የመጀመሪያው የልብስ አረፋ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሳሙናው ወፍራም ነው፣ የሰውነት እድፍና ጥቂት ተሕዋስያንም አሉበት፤ ለሽንት ቤት ማፍሰሻ ምንም አይልም፣ ለተክል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ ወጥ ቤት ነው። የሰሃን እጣቢ ዘይት፣ የወጥ ፍርፋሪና ጨው ይዟል፤ ቱቦ ይደፍናል፣ በፍጥነትም ይሸታል።

ጨርሶ የማይነካውም አለ። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት፣ ተቅማጥ ወይም ሌላ ተላላፊ ሕመም ያለበት ሰው ልብስና ገላ የታጠበበት፣ በረኪና የገባበት ውሃ መውጫው ፍሳሽ መስመሩ ነው። የዶሮ እጣቢም እዚሁ ይመደባል። ለበዓል አንዲት ዶሮ ስንት ሳፋ ውሃ እንደምትጨርስ ታውቃላችሁ፤ ያን ሁሉ ውሃ ሳይ እጄን ይበላኛል፣ ግን ደምና ጨው የተደባለቀበት ስለሆነ ይሂድ።

መጠኑን በቁጥር ለማየት የሀገራችንን መለኪያ እንያዝ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲደርሰው፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ ነዋሪ 100 ሊትር፣ ለትንንሾቹ ከተሞች ነዋሪ 40 ሊትር እንዲደርስ ታቅዶ ነበር። የትንሿን ከተማ ቁጥር እንውሰድና አምስት ሰው ያለበትን ቤት እናስላ፤ 200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 10 ጀሪካን። ከዚህ ውስጥ የሚጠጣውን፣ የሚበስለውንና የማይነካውን ሁሉ ትተን 3 ጀሪካን ብቻ ሁለተኛ ሥራ ብናሠራ፣ ከቦኖ የሚቀዳው ሰው 60 ኪሎ ሸክም ቀረለት ማለት ነው። በየቀኑ። እቤት ያለው ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ የእናንተን ቤት የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ጀሪካን መቁጠር ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አፈር እንውረድ። ብዙ የወጣቶች ፕሮጀክት በመጀመሪያው ወር ያምርና በስድስተኛው ወር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

የዱቄት ሳሙና፣ ሁላችንም ኦሞ የምንለው፣ ውስጡ ብዙ የሶዲየም ጨው አለበት። ውሃው ሲተን ወይም ተክሉ ሲጠጣው ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሶዲየም በተለይ ሸክላነት ባለው አፈር ላይ ክፉ ነው፤ የአፈሩን ቅንጣቶች ይበታትናቸዋል፣ የተበታተኑት ቅንጣቶች አየርና ውሃ የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። መረሬ አፈር ያላችሁ ሰዎች ቶሎ ታዩታላችሁ። ውሃ ስታፈሱ አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሲደርቅ ነጭ ነገር ይወጣበታል። የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ቡናማ ይሆናል። ተክሉ ውሃ ጠማው ብላችሁ ሌላ እጣቢ ስትጨምሩ ይብሱን ይጎዳል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛው ኦሞውን መቀነስ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይጨምራል፣ አረፋ የበዛ ልብስ የጸዳ ይመስለናል። ሌላው እጣቢን ብቻ አለማጠጣት ነው፤ በየመሃሉ ንጹሕ ውሃ ወይም የዝናብ ውሃ በብዛት ሲፈስበት ጨውን ከሥር በታች አጥቦ ይወስደዋል። እዚህ ላይ ደገኛ ዕድለኛ ነው። በጋውን የተጠራቀመውን ጨው ክረምቱ ያጥብለታል። ዝናብ በማይበረክትበት ቆላ፣ በድሬዳዋ፣ በሶማሌና በአፋር አካባቢ ግን አጣቢ የለም፤ የገባው ጨው እዚያው ይከርማል። ስለዚህ ከባሕር ዳር የተገኘ መልካም ውጤት እንዳለ ተገልብጦ ሰመራ ላይ አይሠራም። ፕሮጀክታችሁን ስትጽፉ አፈሩንና ዝናቡን ከመሣሪያው እኩል ጻፉት።

ተክሉንም መምረጥ ነው። ሙዝ ብዙ ውሃ ይወዳል፣ ለገላ እጣቢ የተመቸ ነው። ፓፓያና ጌሾም ሊሞከሩ ይችላሉ። አቮካዶ ግን ጨው አይችልም፤ ጓሯችሁ ያለችው ዛፍ እሷ ከሆነች ንጹሑን ውሃ አጠጧት። ሰላጣና ካሮት፣ ባጠቃላይ ጥሬውን የሚበላና አፈር ውስጥ የሚያፈራ ነገር፣ እጣቢ አይነካውም። ጎመን በስሎ ስለሚበላ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ውሃው ቅጠሉ ላይ ሳይረጭ ሥሩ ላይ ሲገባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. እጣቢን በግብርና ላይ ስለመጠቀም ባወጣው መመሪያ ላይም አጥብቆ የያዘው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ውሃውን ከሰው እጅና ከሚበላው የተክል ክፍል አርቆ መምራት።

አፍሳሹ ሰው ውሃውን ግንዱ ላይ ባይደፋው ይመረጣል። ከግንዱ ራቅ ብሎ ክብ ቦይ ይቆፈራል፣ ቦዩ በገለባ፣ በደረቅ ቅጠልና በእንጨት ፍቅፋቂ ይሞላል። እጣቢው እዚያ ውስጥ ሲገባ ከላይ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዶሮና ልጅ አይነካካውም። ዘይቱንና ግርዱን ገለባው ይይዘዋል፤ አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ይበሉታል። ገለባው ሲበሰብስ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው፣ አዲስ ይጨመራል። ከላስቲኩ ማጣሪያ ይልቅ ይህ ቦይ ቢሸለም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለመድረክ አይመችም፤ አሸናፊ ሆኖ ብርጭቆ የሚያነሳበት ነገር የለውም።

እግረ መንገዴን ስለ አቃቂ ወንዝ አንድ ነገር ላንሳ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዚህ ወንዝ ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ሲለማ ኖሯል፤ ወንዙ የቤት ፍሳሽም የፋብሪካ ዝቃጭም ይገባበታል፣ በቅጠሎቹ ላይ ከባድ ብረቶች እንደተገኙ ጥናቶች ተናግረዋል። ይህም ውሃን ዳግም መጠቀም ነው፤ ግን ማንም ሳይለየው፣ ማንም ሳያቅደው የሆነ ዳግም አጠቃቀም ነው። አምራቹ ሌላ ውሃ የለውምና በእሱ መፍረድ ይከብደኛል። ወንዝ ከገባ በኋላ ግን የማን እጣቢ ከየትኛው ፋብሪካ ዝቃጭ ጋር እንደተቀላቀለ የሚነግራችሁ የለም። እቤት ሳለ ታውቁት ነበር።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ቀጥሎ ጊዜ። እጣቢ አይጠራቀምም። ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዩት የሚባለው አለምክንያት አይደለም። በውስጡ ያለው እድፍና ስብ የተሕዋስያን ቀለብ ነው፤ ይራባሉ፣ አየሩን ይጨርሳሉ፣ ከዚያ የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ይመጣል። ትልቅ ታንከር ገዝቶ እጣቢ ማጠራቀም ብዙ ቡድን መጀመሪያ የሚያስበው ሐሳብ ነው፤ እባካችሁ ተውት። የዕለቱ ለዕለቱ ይሂድ።

ደግሞ ትንኝ አለች። በኢትዮጵያ የለመድነው የወባ ትንኝ በኩሬና በረግረግ የሚፈለፈል ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን ቀብሪ ደሃር ላይ ከእስያ የመጣ አንድ ዝርያ ተገኘ፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ይባላል። ይህኛው ከተማ ይወዳል። በርሜል ውስጥ፣ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ፣ በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ይራባል። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከዚሁ ዝርያ ጋር አያይዘውታል። በዚያችው ከተማ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ወረርሽኝ ነበር፤ የደንጊዋ ትንኝም በርሜል የምትወድ ናት። ውሃ የሚቸግረው ሰው ውሃ ያስቀምጣል፣ ያስቀመጠው ደግሞ ትንኝ ይጠራበታል፤ ድሬዳዋ የገባችበት አጣብቂኝ ይህ ነው። ስለዚህ ለቆላ ከተማ የምትሠሩት ማንኛውም ነገር ክዳኑ ግጥም ያለ፣ የአየር ቀዳዳው በወንፊት የተሸፈነ መሆን አለበት። ክዳን የሌለው ንድፍ ይዞ የመጣ ቡድን እኔ ዳኛ ብሆን ሌላውን ሳላይ እመልሰዋለሁ።

“እሺ፣ ገለባና ሳፋ ብቻ ነው እንዴ? መሣሪያ አይሠራም ወይ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሠራል። ዮርዳኖስ ውሃ እጅግ ከሚያጥራቸው ሀገሮች አንዷ ናት። በደቡቧ፣ ጠፊላ በሚባለው አካባቢ ለቤተሰብ የሚሆን የአራት በርሜል ዘዴ ተሠርቶ ነበር። የወጥ ቤቱና የመታጠቢያው እጣቢ በቱቦ ወደ መጀመሪያው ትንሽ በርሜል ይገባል፤ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ግርዱ ይዘቅጣል፣ መሃል ያለው ውሃ ያልፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በርሜል በጠጠር የተሞሉ ናቸው። ውሃው በጠጠሩ መሃል ቀስ እያለ ሲሄድ ጠጠሩ ላይ የተጣበቁት ተሕዋስያን እድፉን ይበሉታል። አራተኛው በርሜል ሲሞላ ትንሽ ፓምፕ ትነሳና ውሃውን በጠብታ መስኖ ወደ ወይራ ዛፎች ትገፋዋለች። በርሜሎቹ የተዘጉ ናቸው፣ ውሃው ለመጠጥ አይታሰብም፣ የሚሄደው ወደ ዛፍ ነው። ይህን እኛ ሀገር ለመሥራት የሚጎድል ነገር አይታየኝም፤ በርሜል አለ፣ ጠጠር አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛ አለ። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ፓምፑም አያስፈልግም፤ ተዳፋት ደግሞ ሀገራችን አይጎድለንም። አስቸጋሪው የመጀመሪያው በርሜል ነው፤ ዘይቱና ዝቃጩ በየጊዜው በእጅ መውጣት አለበት። ማን ያወጣዋል? ይህን ሳይመልስ የተጀመረ ሥራ በሦስት ወር ይቆማል፤ ንድፉን ስትስሉ የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን ስም አብራችሁ ጻፉ።

ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪስ? ለእሱ ዋናው ሥራ ሽንት ቤት ነው። አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ከ6 እስከ 9 ሊትር የሚወስድ መቀመጫ ብዙ ነው፤ ለዚህ የሚጠጣ ውሃ ማዋል ያንገበግባል። ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ድርቅ በመታት ጊዜ፣ ከየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. አንስቶ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቅዶ ነበር። ሰው ሁሉ ሻወር ሲወስድ እግሩ ሥር ሳፋ ያስቀምጥ ጀመር፤ በዚያ ውሃ ሽንት ቤቱን ያፈስ ነበር። ያን ጊዜ ለእነሱ አዲስ ሆኖባቸው ነበር፤ ለእኛ ሰው አይነገረውም። ብቻ አንድ ምክር፦ እጣቢውን ከኋላ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ አትጨምሩት፤ ሳሙናው የውስጡን ጎማ ያበላሻል፣ ይሸታልም። በባልዲ ቀጥታ መቀመጫው ውስጥ ከፍ አድርጎ አንድ ጊዜ መልቀቅ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ ሳንወጣ ሁለት የወጣቶች ታሪክ ልንገራችሁ፤ አጭር ናቸው። በስቶክሆልም በየዓመቱ ለተማሪዎች የሚሰጥ የውሃ ሽልማት አለ፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. ያሸነፉት ፖንትሾ ሞሌትሳኔ፣ ሞቴቤሌ ሞሾዲ እና ሴቻባ ራማቤንያኔ የተባሉ ደቡብ አፍሪካውያን ተማሪዎች ነበሩ፤ የሠሩት ብርሃንን በሚለይ መሣሪያ እየታገዘ በአነስተኛ መስኖ ላይ የሚባክነውን ውሃ የሚቀንስ ዘዴ ነው። ሉድዊክ ማሪሻኔ ደግሞ በሊምፖፖ ገጠር ያደገ ልጅ ነው። ጓደኛው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ገላ የሚቀባና መታጠብ የሚያስቀር ነገር ለምን አይፈጠርም አለው። ጥያቄው የስንፍና ነበር። ማሪሻኔ ግን በሞባይሉ ኢንተርኔት እየፈተሸ ቀመሩን አወጣ፣ ያለ ውሃ ገላ የሚያጸዳ ቅባት ሠርቶ በወጣትነቱ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዝነኛ ላቦራቶሪ አልነበረውም። አንድ የታወቀ ችግርና አንድ ስልክ ነበረው።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጨረሻም ለክበቦች የሚሆን ሙከራ እንስጥ። በቀላሉ የሚሠራ ነው፣ ግን በደንብ ከተያዘ ከብዙ ጌጠኛ ሞዴል የበለጠ ይናገራል።

አንድ ዓይነት አፈር የተሞላባቸው 12 ቆርቆሮዎች ወይም የተቆረጡ ጀሪካኖች አዘጋጁ፤ ሁሉም ከታች ቀዳዳ ይኑራቸው። አንድ ዓይነት የጎመን ችግኝ ተክሉባቸው። አራቱን በንጹሕ ውሃ፣ አራቱን በልብስ ማለቅለቂያ፣ አራቱን ደግሞ አንድ ቀን በማለቅለቂያ አንድ ቀን በንጹሕ ውሃ አጠጡ። መጠኑ እኩል ይሁን፣ በአንድ ኩባያ ለኩት። ቆርቆሮዎቹን ፀሐይ እኩል የሚያገኙበት ቦታ አድርጉ፤ የአንዱን ቡድን ከግድግዳ ጥላ ሥር አስቀምጦ “እጣቢው ጎዳው” ማለት ራስን ማታለል ነው። በየሳምንቱ የቅጠሉን ቁጥርና የተክሉን ቁመት ጻፉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ኩባያ ውሃ አፈሩ ላይ አፍስሱና ሰርጎ እስኪጠፋ በሞባይል ሰዓት ያዙ። ይህ ቁጥር ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ ከሄደ ሶዲየሙ ሥራውን ጀምሯል፤ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ አፈሩ ቀድሞ ይነግራችኋል። ቢያንስ ሁለት ወር ቆዩበት። በሁለት ሳምንት ውጤት ለውድድር አትሩጡ። ጎመኑ ቢሞትም መዝገቡን አትጣሉት፤ የትኛው ኦሞ፣ ስንት ማንኪያ፣ በምን አፈር ላይ እንደገደለው የጻፈ ተማሪ ለሰፈሩ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ጎመኑን ግን አትብሉት፣ የሙከራ ነው።

ትምህርት ቤታችሁ የእጅ መታጠቢያ ካለው፣ ወይም በእግር እየተረገጠ የሚዘነበለው የተንጠለጠለ ጀሪካን ካለ፣ ከሥሩ የሚፈሰው ውሃ ጭቃ ሠርቶ ተቀምጦ ይሆናል። እዚያ የገለባ ቦይ ቆፍሮ ሁለት የሙዝ ችግኝ መትከል የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ርእሰ መምህሩን ወይም ርእሰ መምህርቷን ማስፈቀድ እንዳትረሱ፤ ጥበቃውንም ጭምር፣ በእረፍት ወቅት የሚያጠጣው እሱ ነው።

ጊዜያችን እያለቀ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጣሪያ ውሃ እናወራለን። እስከዚያ ሜትር ካገኛችሁ የቤታችሁን ወይም የክፍላችሁን ጣሪያ ርዝመትና ወርድ ከመሬት ሆናችሁ በግድግዳው በኩል ለኩ፤ ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ። ሁለቱን አባዙና ስፋቱን በካሬ ሜትር ጻፉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የጻፋችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ጠብቁን። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)